ልጄ ትርጓሜ ላይ ናት

ባለፈው ሰሞን ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ እንግሊዝኛ ሳስተምር ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ስልኳን ከጠረጴዛው ሥር ደብቃ ስትነካካ ያዝኳት። ምን እያየሽ ነው ብዬ ስቆጣት፣ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን ቃል ፍቺ እየፈለገች እንደሆነ ነገረችኝና እንዳምናት ብላ ስልኩ ላይ የተደረደረውን ሁሉ ከላይ እስከ ታች በአንድ ትንፋሽ አነበበችልኝ። ቃሉ «ሃርድ» ነበር። ጠንካራ፣ አስቸጋሪ፣ ጨካኝ፣ ትጉ እያለች ስትወርድ ጓደኞቿ በፍጥነቷ ይስቃሉ፤ እኔ፣ ሃምሳ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ፣ ተማሪ ሁሉ የሚፈራኝ መምህርት፣ የወንበሯን ጀርባ ያዝኩ። «በቃ፣ አለቀ» ብላ ስልኳን ስታጠፋ ጀርባዬ ላይ ላብ ወረደ። ልጅቷ ጥፋቷ የከበደ መስሏት ደጋግማ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ ምን ብዬ ላስረዳት? እኔ ያንን ቃል ያጠናሁት ትርጉሙ እንዳያልቅብኝ እየጸለይኩ ነው።

ቤታችን የመካነ ሰላም ከተማ አልቆ ባህር ዛፉ የሚጀምርበት ጋ ነበር። ከአባይ ሸለቆ ሽቅብ የሚመጣው ነፋስ መጀመሪያ የሚያገኘው የእኛን ቆርቆሮ ስለሆነ፣ ከተማው ገና ሳይበርደው እኛ ቤት ጋቢ ይወርድ ነበር። አባዬ ልብስ ሰፊ ነው። ልብስ ሰፊ ከመሆኑ በፊት ግን ሳይንት ውስጥ ባለ አንድ ደብር የመጻሕፍት ትርጓሜ ይማር ነበር፤ መጽሐፉን እኩል እንዳደረሰ አባቱ ሞቱና ቤተሰብ የሚያስተዳድር ጠፍቶ ተጠርቶ ሄደ። ሳይጨርስ ከጉባኤ መነሳቱን እንደ ትልቅ ኃጢአት ይቆጥረው ነበርና፣ ከየኔታ ፊት ከተነሳሁ ወዲህ ተቀምጬ አላውቅም ይላል። ይህን የሚለው ከጠዋት እስከ ማታ ስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ ነው፤ እማዬም ታዲያ የቆመ ሰው ሱሪ ሲሰፋ ማየቴ ነው እያለች ታሾፍበት ነበር።

በትርጓሜ ቤት አንድ ቃል አንድ ፍቺ ብቻ ይዞ አይቀርም። መጀመሪያ ነጠላው፣ የቃሉ ቀጥተኛ ፍቺ፣ ይነገራል፤ ከዚያ «አንድም» እየተባለ ሌላው፣ ከእሱም ቀጥሎ ሌላው ይመጣል፤ እያንዳንዱም ምስክር ይጠራለታል። አንዱ ፍቺ ሌላውን አያባርረውም፣ ሁሉም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አባዬ ከዚያ ቤት ይዞት የወጣው ሀብት ይኸው ብቻ ነበር፤ ገበያ ላይ ሽንኩርት ተወደደ ሲባል እንኳ የተወደደበትን ምክንያት አንድም፣ አንድም እያለ ሲያወርደው ሰው ሥራ ፈትቶ ይሰማው ነበር።

ስድስተኛ ክፍል ስደርስ ከደሴ የመጣ አንድ ወጣት የእንግሊዝኛ መምህር ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ቃል አደለን። የቃላችሁን ትርጉም ሁሉ አጥንታችሁ መንፈቁ ሲያልቅ ክፍሉ ፊት ቆማችሁ ትነግሩናላችሁ አለ። ለእኔ «ሃርድ» ደረሰኝ። የመምህሩን የጎማ አለንጋ ከምንም በላይ እፈራ ስለነበር እያለቀስኩ ቤት ገባሁ፤ አባዬ ግን አንድ ቃል ብዙ ፍቺ አለው ሲባል ገና ሲሰማ መቀሱን አስቀመጠ። በማግስቱ መምህሩ ዘንድ ራሱ ሄደና እንግሊዝኛውን በአማርኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ለሰንበት ተውሶ መጣ። እጁን ታጠበ፣ መጽሐፉን ተሳለመ፣ ከዚያ ገለጠው። ከአንዱ ቃል ሥር ፍቺው በተራ በተራ ተደርድሮ ሲያይ ፊቱ በራ፤ እንግሊዞችም አንድምታ እንዳላቸው እስከዚያ ቀን አያውቅም ነበር።

የሚቀጥለው የገበያ ቀን መምህሩን መንገድ ላይ አስቁሞ፣ ይህን ትርጓሜ ያስተማሩት የኔታ ማን ይባላሉ፣ እሳቸውስ ከማን ተማሩት፣ ሦስተኛውን ፍቺ የተቀበሉት ከየትኛው ወገን ነው ብሎ ጠየቀው። ምስኪኑ መምህር መጽሐፉን ማተሚያ ቤት እንዳወጣው ነገረው። አባዬ አላመነውም። ልጅ ነው፣ ገና አልደረሰበትም ብሎ አዘነለትና ወደ ቤቱ መጣ።

ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት ስመለስ በረንዳው ላይ፣ ከስፌት መኪናው አጠገብ ቆሜ ቃሌን አሰማለሁ፤ እሱ በእግሩ እየረገጠ፣ ጨርቁ ላይ እንዳጎነበሰ ያርመኛል። ሃርድ ማለት ጠንካራ ማለት ነው፣ ምስክሩ የጌታ መቃብር ደጃፍ ድንጋይ። አንድም አስቸጋሪ ማለት ነው፣ ምስክሩ የኢዮብ ፈተና። አንድም ጨካኝ ማለት ነው፣ ምስክሩ የፈርዖን ልብ። አንድም ትጉ ማለት ነው፣ ምስክሯ ጉንዳን። አንድም ክፉ ዘመን ማለት ነው፤ ለዚህኛው አባዬ ምስክር አልጠራም፣ ዘመኑን ራሱ አይቶት ነበርና ዝም ብሎ ያልፈዋል። ሳሙና የማይቀበል ውሃ ማለት ነው የሚለውን ግን መጀመሪያ አልተቀበለውም። ውሃ እንዴት ጠንካራ ይባላል እያለ ሲብሰለሰል ሰነበተና፣ እማዬ ከታችኛው ምንጭ ቀድታ ያመጣችው ውሃ አረፋ እምቢ ብሎ ነጠላዋን እንዳደፈ ሲያስቀርባት እጁን አጨብጭቦ ምስክሩ ተገኘ አለ። እማዬ ልፋቷ ለእንግሊዝ ቋንቋ ምስክር መሆኑ ብዙም አልተዋጠላትም።

በአንድ ዓመት የምታንሰኝ እህቴ እናኑ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጣ ምስር እየለቀመች ትሰማለች። ሁለታችንም ብንማር እማዬን የሚያግዝ ሰው ስለማይኖር፣ ታላቂቱ ትሂድ ተብሎ ነበር የተቆረጠው። እኔ ፍቺ ሲጠፋኝ ከአባዬ በፊት የእሷ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየው ነበር። እሷ የሚያርማትም የሚጠይቃትም ስላልነበረ ቃሉ እንደ ዘፈን ዝም ብሎ ነው የገባላት።

ይህ ሁሉ ጨዋታ ወደ ፍርሃት የተለወጠው ታኅሣሥ ላይ ነው። ፊቴን እየታጠብኩ ሳለሁ ከአጥሩ ውጭ የሽማግሌ ሳል ሰማሁ። ጋቢያቸውን አጣፍተው የለበሱ ሽማግሌዎች ከመሪጌታ ክንፈ ኋላ ተከታትለው ገቡ፤ መሪጌታ በአገሩ የታወቁ የትርጓሜ መምህር ስለነበሩ አባዬ ሮጦ ጉልበታቸውን ሳመ። ኑ፣ አረፍ በሉ ቢላቸው ግን አንዳቸውም አልተቀመጡም። እኛ አገር ተቁሞ የሚለመነው ምን እንደሆነ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ከአባይ አፋፍ ያለ፣ ብዙ ከብትና ብዙ ወንድም ያለው አንድ ሰው ለልጁ ሚስት ለምኑልኝ ብሎ ልኳቸው ነበር። የታሰብኩት እኔ ነኝ። አሥራ ሦስት ዓመት ገና አልሞላኝም፤ ጣሳውን እንደያዝኩ ከቤቱ ጀርባ ተለጥፌ ቀረሁ።

ያስፈራኝ የከብቱ ብዛት ሳይሆን የወንድሞቹ ብዛት ነው። ባለፈው ዓመት ሽማግሌ የተመለሰባት አንዲት የክፍላችን ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ባህር ዛፉ መሐል ጠልፈው በበቅሎ ወስደዋት ነበር፤ አንድ እግር ጫማዋ መንገዱ ላይ ወድቆ ሁላችንም በአጠገቡ አልፈናል፣ ማንም አላነሳውም። እንግዲህ አባዬ እሺ ቢል ለጥር መዳሬ ነው፤ እምቢ ቢል ደግሞ ባህር ዛፉ አለ። እሱም ይህን ከእኔ ይበልጥ ያውቀው ነበር። ቀና ብሎ መሪጌታን አያቸው።

«የኔታ፣ ልጄ ትርጓሜ ላይ ናት። ጀመረች እንጂ አልጨረሰችም። ከጉባኤ መሐል ተማሪ እንደማይነሳ እርስዎ ያውቁታል።»

መሪጌታ የትኛው መጽሐፍ ላይ እንደሆንኩ ጠየቁ። አባዬ የእንግሊዝ ነው አላቸው። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ተያዩ፤ አንዱማ ተቀለደብን ብሎ በከዘራው መሬቱን መታ። መሪጌታ ግን አልሳቁም። ትርጓሜ የማንም ይሁን ትርጓሜ ነው፣ ተማሪ በጅምር አይነሳም፣ ስትጨርስ እንመለሳለን አሉና እየመሩ ይዘዋቸው ወጡ። አባዬ ሳይጨርስ መነሳቱ ዕድሜ ልኩን ሲቆጨው ኖሮ፣ ያ ሕግ በዚያች ጠዋት ልጁን አተረፈለት።

ያተረፈኝ ግን እስክጨርስ ነው። ከቃሉ የቀረኝ ትንሽ ነበር፤ በየቀኑ በረንዳው ላይ አንድ «አንድም» ባልኩ ቁጥር ወደ አባይ አፋፍ አንድ እርምጃ የቀረብኩ ይመስለኝ ጀመር። አባዬም ገብቶት መሰለኝ መንገዱን ማርዘም ጀመረ። ትናንት የተቀበለውን ዛሬ አልጠራም ብሎ ከመጀመሪያው ያስጀምረኛል፤ ድንጋዩ ላይ ብቻ ሳምንት ከረምን። መምህሩን ለብቻው ጠብቄ፣ ሌላ መጽሐፍ ላይ ሌላ ትርጉም ይኖረው እንደሆነ ጠየቅኩት። ሌላው ተማሪ በዛብኝ ብሎ ያለቅሳል፣ አንቺ አነሰኝ ትያለሽ ብሎ ሳቀብኝ። አለንጋውን መፍራት እንኳ ትቼ ነበር።

ቤቱ ሁሉ ፈራ። እማዬ ጠዋት ጠዋት ዱላ ይዛ ትምህርት ቤት ድረስ ትሸኘኛለች። መውጫ ሰዓት ሲደርስ አባዬ የሰው ሥራ ጥሎ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ የባህር ዛፉ ዳር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ጎረቤታችን እትዬ ዘሐራ ሱቋን ዘግታ እስከ መታጠፊያው ሄዳ አብራው የምትቆምበት ጊዜም ነበር። እማዬ ከቅዳሴ ስትመለስ እሷ ዘንድ ጎራ ብላ ለልጄ ዱዓ አድርጊልኝ ትላታለች፤ እትዬ ዘሐራም አብሽሪ፣ አላህ አለላት ብላ ትመልሳታለች። እኔ ግን የበቅሎ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ሮጬ አጥር ሥር እደበቃለሁ፤ ውጭ ሰው ካሳለ የያዝኩት ይወድቃል። እስከ ዛሬም ጥር ሲመጣ፣ ማለዳ ደጅ ላይ ያሳለ ሰው ማን እንደሆነ ሳላውቅ በር አልከፍትም።

ጥምቀት ሊደርስ ሲል ተመልሰው መጡ። መሪጌታ ክንፈ በዚህኛው ጊዜ ተቀመጡ፤ ሊሰሙ ነው የመጡት። አባዬ ስፌት መኪናው ላይ እንዳለ ቀረ፣ እማዬ ጓዳ ገባች፣ እናኑ እጅ የሚታጠቡበትን ማንቆርቆሪያ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። መሪጌታ ጆሯቸው ትንሽ ይከብዳቸው ስለነበር መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ ደግነው፣ እስቲ ልጄ አሰሚን አሉኝ።

 ሃርድ ማለት ብዬ ጀመርኩ። ድንጋዩን አልኩ፣ ኢዮብን አልኩ፣ ፈርዖንን አልኩ፤ መሪጌታ በየምስክሩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ መሬቱን በከዘራ የመታው ሽማግሌ እንኳ ወደ ፊት ጠጋ አለ። ጉንዳኗ ላይ ስደርስ ሁሉም ነገር ከራሴ ጠፋ። በሩ ላይ የእናኑ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁና ቀጠልኩ። ክፉውን ዘመን አልኩ፣ ውሃውን አልኩ፣ ኃይለኛ አረቄ ማለት ነው የሚለውንም በፍጥነት አለፍኩት። የቀረኝ አንድ ብቻ ነበር። እሱን ካልኩ አለቀ። አባዬን አየሁት፤ እሱም እያየኝ ነው። ለመዋሸትም ለማሳጠርም ድፍረት አልነበረኝምና፣ አንድም ጆሮው የከበደ ማለት ነው አልኩ። ለዚህ ምስክር አልጠራሁም። መሪጌታ መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ እንደደገኑ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

 መሪጌታ ሌላ የሚቀር አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ወደ አባዬ ዞርኩ። የስፌት መኪናው ጎማ ቀስ እያለ መዞሩን ሲያቆም ይሰማኝ ነበር።

«አንዱ ይቆየን፣ የኔታ» አለ አባዬ።

ይቆየን ማለት መምህር ለዕለቱ ሲያበቃ የሚለው ቃል ነው፤ ያልተነገረው ተማሪው እስኪደርስበት ይጠብቅ ማለት ነው። አንዴ ይቆየን ከተባለ አሁኑኑ አውጡት የሚል ሰው ጉባኤ ቤት ውስጥ የለም። የሚቆይ ፍቺ ግን አልነበረም፣ መዝገበ ቃላቱ አልቆ ነበር። አባዬ ይህን ያውቃል፤ መሪጌታም የነቁበት ይመስለኛል።  ከዚያ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሱ።

«ይቆየን ከተባለ እንግዲህ ይቆየን» አሉ።

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እማዬ ከጓዳ ወጥታ ራሴን ደረቷ ላይ አስጠጋችው። እናኑ እየሳቀች እንግዶቹን ልትሸኝ ወጣች፤ እንደ እሷ ያን ቀን የተደሰተ ሰው አልነበረም። አጥሩ ጋ ሲደርሱ መሪጌታ ክንፈ ቆም አሉና ወደ እሷ ዞረው፣ አንቺስ ልጄ፣ አንቺ ምን ላይ ነሽ ብለው ጠየቋት። ተማሪ እንደምትጠየቀው ስትጠየቅ የመጀመሪያዋ ስለነበር እናኑ ፊቷ በራ።

«እኔማ እቤት ነኝ፣ የኔታ» አለቻቸው።

አባዬ ላቡን እየጠረገ በረንዳው ላይ ቆሞ ነበር። ሲሰማ ክንዱ አየር ላይ እንዳለ ቀረ። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ እነሱ ግን ደህና ዋሉ ብለው መንገድ ጀምረው ነበር።

በዓመቱ እነዚያው ሽማግሌዎች ለእሷ መጡ። አባዬ በዚያ መሐል ትምህርት ቤት ሊያስገባት ሄዶ ነበር፤ መዝጋቢው ዕድሜዋ አልፏል፣ ከሕፃናት ጋር አንደኛ ክፍል አትቀመጥም ብሎ መለሰው። በጓሮ በኩል ሆኜ ለእማዬ ሲነግራት ሰምቻለሁ፤ አንዷን እምቢ ብያቸዋለሁ፣ ሁለቱንም እምቢ ብል ሁለቱንም መንገድ ላይ ያነሷቸዋል አላት።  ለእናኑ የሠርጉን ቀሚስ ራሱ ሰፋላት። የዚያን ሰሞን በረንዳው ላይ የመኪናው ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። ጥር ላይ በበቅሎ ጭነዋት ወደ ቆላው ወረዱ፤ ነጠላዋ ቁልቁለቱ ላይ እስኪሰወር ድረስ ሁላችንም በረንዳው ላይ ቆመን ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ከትምህርት ቤት ሊቀበለኝ የመጣ ሰው አልነበረም፤ የሚያስፈራ ነገር ቀርቶ ነበር። አባዬም እንግሊዝኛዬን ዳግመኛ አልጠየቀኝም።

ያ ቤት ዛሬ የለም፤ መንገዱ ሲሰፋ በረንዳው መጀመሪያ፣ ቤቱ ቀጥሎ ሄደ፤ ባህር ዛፉ ተቆርጦ ሰፈር ሆኗል። መሪጌታ ክንፈ ካረፉ ቆይተዋል፤ እትዬ ዘሐራም፣ እማዬም አልፈዋል። አሁን ቃል ሲፈታ የሚያዜም፣ ለውሃ ምስክር የሚያፈላልግ ሰው በከተማው ውስጥ አላውቅም። አባዬ ሲሞት ለተዝካሩ እናኑ ከቆላ መጣች። ከእኔ ታናሽ መሆኗን የማያውቅ ሰው እናትሽ ናት ወይ ብሎ ይጠይቀኛል፤ የወለደችው ብዙ ነው፣ የቀበረችውም አለ።

እንግዳው ሲቀንስ ዳሱ ጥግ ላይ ተቀመጥን። ስለዚያ ጥር አውርተን አናውቅም ነበር፤ በዚያን ቀን ግን የአባዬ ነገር ሆዴን ባር ባር ስላለው ሁሉንም ነገርኳት፤ ሳሉን፣ የበቅሎውን ኮቴ፣ መንገድ ላይ ወድቆ ያየነውን ጫማ፣ አንድም ባልኩ ቁጥር እንዴት እሞት እንደነበር፣ እስከ ዛሬም እንዳልለቀቀኝ። እናኑ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም።

«አባዬ ፈራልሽ፣ እማዬም ፈራችልሽ» አለችኝ፤ «እኔም ምስሬን እየለቀምኩ፣ አለቀባት፣ አሁንስ አለቀባት እያልኩ ስፈራልሽ ነው የከረምኩት። ለእኔ ግን የፈራልኝ ሰው አልነበረም።»